ኦርጋኒክ ምግብ በሀዋሳ፦ የቱ ላይ ብር እንጨምር፣ የቱ ላይ እንቆጥብ?

ሀዋሳ ውስጥ ጎመን በተለያየ ዋጋ ይሸጣል። ከገጠር የመጡ እናቶች መሬት ላይ አንጥፈው የሚሸጡት አለ። አትክልት ቤት ተደርድሮ የሚጠብቀን አለ። በላስቲክ ታሽጎ «ኦርጋኒክ»፣ ማለትም ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል መርጫ የተመረተ፣ የሚል ወረቀት የተለጠፈበትም አለ። የታሸገው ከሌሎቹ በብዙ ሊወደድ ይችላል። በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ እዚህ ጋ ቆም ብሎ ቢያሰላ ትክክል ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሀዋሳ የሚኖር ሰው ሁሉንም ነገር ኦርጋኒክ ብሎ መግዛት አያስፈልገውም። በዙሪያችን ከሚመረተው ምግብ ብዙው ኬሚካል ሳይነካው ወይም በጣም ጥቂት ነክቶት ነው የሚደርሰን። ለእሱ ተጨማሪ ብር መክፈል ኪስን ማራቆት ነው። ጥቂት ምግቦች ላይ ግን የተባይና የበሽታ መድኃኒት በየሳምንቱ ይረጫል። ተጨማሪው ብር መሄድ ያለበት ወደ እነሱ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ከመመራት ይልቅ መርጫው የት የት እንደሚሄድ ማወቅ ይሻላል።

ለምን ይወደዳል?

ከማዳበሪያው እንጀምር። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ብስባሽ (ኮምፖስት) ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ግን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። አንድ እጅ ብለን ብናሰላ ያንኑ 46 ኪሎ ለማግኘት 46 ኩንታል ብስባሽ ያስፈልጋል። 46 ኩንታል መሰብሰብ፣ ማገላበጥ፣ በአህያ ጋሪ ማጓጓዝ፣ ማሳ ላይ መበተን አለበት። ያም ሆኖ ናይትሮጅኑ ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። በእርግጥ ብስባሽ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል፣ ጥቅሙ ለዓመታት ይቆያል። ጉልበቱ ግን ዛሬ ነው የሚከፈለው።

አረም ሌላው ነው። አረም ማጥፊያ የሚረጭ ገበሬ አንድ ሰው ይበቃዋል። በእጅ የሚያርም ደግሞ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ይወጣል፣ ወይም የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። እሱም አንዴ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል።

ምርቱም ያንሳል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ኦርጋኒክ ማሳ በአማካይ ከ19 እስከ 25 በመቶ ያነሰ ምርት እንደሚሰጥ አግኝተዋል። በሰብሉና በአያያዙ ልዩነቱ ይሰፋል ወይም ይጠባል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሥጋቱ ነው። ቲማቲም የተከለ ገበሬን አስቡ። ዋግ የሚባለው የሰብል በሽታ አለ። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ አገራችን ከገባ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው፣ ቅጠሉን እየሰረሰረ ፍሬው ውስጥ የሚገባ ትል አለ። ይሄ ትል አንዴ ማሳው ውስጥ ከተስፋፋ አዝመራውን ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ገበሬው መርጫውን የሚያነሳው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የተበደረው የዘር ብር፣ የልጆቹ የትምህርት ወጪ፣ የመስኖው ነዳጅ ሁሉ እዚያ ማሳ ላይ ነው ያለው። «አትርጭ» ስንለው ይሄን ሁሉ ሥጋት ብቻህን ተሸከም እያልነው ነው። ኦርጋኒክ ቲማቲም ሲወደድ ከሚከፈለው ጭማሪ አንዱ ክፍል የዚህ ሥጋት ዋጋ ነው። ይሄን ከተረዳን ዋጋው የሚቀንስበትንም መንገድ እናገኘዋለን። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የምስክር ወረቀትም ወጪ አለው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ማሳ ኦርጋኒክ ለመባል፣ ለዓመታዊ ሰብል ሁለት ዓመት፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል ደግሞ ሦስት ዓመት ያለ ኬሚካል መቆየት አለበት። በእነዚያ ዓመታት ገበሬው በኦርጋኒክ ወጪ አምርቶ በተራ ዋጋ ይሸጣል። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ይከፈለዋል። አገራችንም የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ አላት፤ ቁጥር 488/1998። ግን የምስክር ወረቀት በአብዛኛው የሚወጣው ወደ ውጭ ለሚላክ ምርት ነው፤ ቡና፣ ማር፣ ሰሊጥ። ሰፈራችን ለሚሸጥ ጎመን ወረቀት የሚያወጣ የለም ማለት ይቻላል። ላስቲክ ላይ የተለጠፈ «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ማን እንዳረጋገጠው ፈልጉ። የአረጋጋጩ ስም ከሌለ የሻጩ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን እሱን ቃል ከገጠር የመጡት እናትም በነፃ ይሰጧችኋል።

ምን ለማግኘት ነው የምንከፍለው?

ቫይታሚን ፍለጋ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ኦርጋኒክ ምግብ በንጥረ ነገር ይበልጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። የኬሚካል ቅሪት ግን ኦርጋኒኩ ላይ አነስተኛ ነበር። ስለዚህ የምንከፍለው በዋናነት ቅሪቱን ለመቀነስ ነው። ይሄ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ይበልጥ ይጠቅማል።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ለእኔ ከዚህ የማያንስ። ከእኛ ቀድሞ የሚጎዳው የሚረጨው ሰው ነው። ጓንት የለውም፣ ጭምብል የለውም፣ መርጫው ጀርባው ላይ ያንጠባጥባል። ባዶውን የመድኃኒት ዕቃ አጥበው ውሃ የሚቀዱበት ቤትም አለ። የተረፈው ደግሞ ከዝናብ ጋር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። እኛ ጋ ዝቅተኛው ቦታ ሐይቁ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውሃ በኩል ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባው እዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንስማማ። ኦርጋኒክ አላገኘሁም ብሎ አትክልት መተው ትልቅ ኪሳራ ነው። ታጥቦ የተበላ ተራ ጎመን ካልተበላ ኦርጋኒክ ጎመን በብዙ ይበልጣል።

ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፦ እዚህ ላይ ጨምሩ

ብር የምትጨምሩበት ቦታ አንድ ብቻ ምረጡ ብባል ቲማቲም እላለሁ። ከስምጥ ሸለቆ የመስኖ ማሳዎች በጭነት የሚመጣው ቲማቲም ለዋግም ለትልም በተደጋጋሚ ይረጫል። በክረምት ደግሞ ይብሳል፤ እርጥበቱ ዋጉን ያበረታዋል፣ ገበሬውም ዝናብ ባጠበው ቁጥር ደግሞ ይረጫል። አንዳንዴ ቲማቲሙ ላይ ነጭ ብናኝ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ እሱ የዋግ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በተረጨና ምርቱ በተለቀመ መካከል መቆየት ያለበት ቀን ዕቃው ላይ ተጽፏል። ገበያው ሲወደድ ግን ያንን ቀን የሚጠብቅ ብዙ አይደለም። ቲማቲም ደግሞ ሳይላጥ፣ አንዳንዴም ጥሬውን፣ ለልጆች ሳይቀር ይበላል።

ጥቅል ጎመንም ተመሳሳይ ነው። ትልና ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጡ ደቃቅ ነፍሳት) ይወዱታል፣ ስለዚህ ይረጫል። ጥሩነቱ የላይኞቹን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ስትጥሉ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። ሰላጣና ቆስጣ ቅጠላቸው ሰፊና ስስ ስለሆነ የተረጨውን ሁሉ ይቀበላሉ፣ ሰላጣ ደግሞ ሳይበስል ነው የሚበላው። እነዚህን ከምታውቁት ሰው ግዙ፣ ወይም ራሳችሁ አብቅሉ።

የሀበሻ ጎመን የተለየ ነው። በሲዳማ ገጠር ብዙ ቤት ጓሮው ውስጥ ጎመን አለ፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ ፍግ በሚደፋበት ቦታ። ለሽያጭ በሰፊው ካልተተከለ በቀር መድኃኒት የሚያወጣበት ሰው ጥቂት ነው። ተጨማሪ ብር አያስፈልገውም። ከየት እንደመጣ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ድንችና ሽንኩርት መሬት ውስጥ ናቸው፣ ይላጣሉ። ድንች ለዋግ የሚረጨው ቅጠሉ ነው። መሐል ላይ ናቸው፤ ብር ከተረፈ እንጂ ቅድሚያ አይሰጣቸውም።

አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ቆጮ፣ ቡና፦ እዚህ ላይ አትጨምሩ

የሲዳማ አቮካዶ ዛፍ አብዛኛው ጓሮ ውስጥ የቆመ ነው፤ ማንም አይረጨውም። ልጣጩም ወፍራም ነው። «ኦርጋኒክ አቮካዶ» ብሎ ተጨማሪ የሚጠይቃችሁ ካለ ያንኑ አቮካዶ ነው የሚሸጥላችሁ። ሙዝና ፓፓያም ይላጣሉ፤ ከመላጣችሁ በፊት ማጠብ ብቻ አትርሱ።

እንሰት ደግሞ ኦርጋኒክ ግብርና ምን እንደሚመስል ለማየት ለሚፈልግ ምርጥ ማሳያ ነው። በከብት ፍግ ይለማል፣ ለዓመታት ይቆማል፣ ጥላው ሥር ቡናውንና ጎመኑን ያሳድጋል። ቆጮ፣ ሲዳማ ዋሳ የሚለው፣ በቅቤና በወተት ቡርሳሜ ሆኖ ሲቀርብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካል ያልደረሰበት ምግብ ነው። ማንም ወረቀት አልለጠፈበትም። ኦርጋኒክ ምግብ ለሀብታም ብቻ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እንሰትን አነሳለታለሁ።

ቡና ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋጋው እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል። የሲዳማ ገበሬ ቡና በአብዛኛው የጓሮ ቡና ነው። ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ፣ በእንሰትና በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። በማኅበር የተደራጁት ገበሬዎች የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት አውጥተው ወደ ውጭ ይልካሉ። ፌርትሬድ በሚባለው ሥርዓት ኦርጋኒክ ለሆነ ቡና በፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ፣ 40 የአሜሪካ ሳንቲም ተጨማሪ ይከፈላል። የወረቀቱን ወጪ የሚሸፍነው የውጭው ገዢ ነው ማለት ነው። እኛ ከገበያ ጥሬ ቡና ገዝተን ስንቆላ ከዚያው ዓይነት ጓሮ የወጣውን ያለ ወረቀት እናገኛለን። ስለዚህ ለቤታችን ቡና ስንገዛ ፍሬውን፣ ሽታውን፣ ድርቀቱን እንይ። ለወረቀት አንክፈል።

ጤፍ ወይስ በቆሎና ቦሎቄ?

«ኦርጋኒክ ጤፍ» ሲባል እሰማለሁ። በትልልቆቹ የጤፍ አካባቢዎች ማዳበሪያና አረም ማጥፊያ የተለመደ ነው፤ ያለ ማስረጃ አትመኑ። አረም ማጥፊያው የሚረጨው ግን ሰብሉ ገና ለጋ ሳለ ነው። እስኪታጨድ ብዙ ሳምንታት ስለሚያልፉ ቅሪቱ ብዙ አያሳስብም።

እህል ላይ የሚያሳስበው ከአጨዳ በኋላ የሚደረገው ነው። በቆሎና ቦሎቄ ነቀዝ ይበላቸዋል። ስለዚህ ነጋዴውም ገበሬውም ጎተራ ውስጥ ዱቄት መድኃኒት ይነሰንስበታል፣ ወይም ጋዝ የሚለቅ ክኒን ያስገባበታል። ያ መድኃኒት እህሉ ላይ ነው የሚቀረው፣ ክኒኑም በአግባቡ ካልተያዘ ሰው ይገድላል። ጤፍ ደግሞ ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። ብዙ ሰው ለጤፉ ተጨንቆ ለቦሎቄው አይጠይቅም። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ነው። በቆሎና ቦሎቄ ወዲያው እንደታጨዱ ግዙ፣ ያኔ ዋጋቸውም ዝቅ ይላል፣ መድኃኒትም ገና አልነካቸውም። ከዚያ በደንብ አድርቃችሁ ፒክስ በሚባለው ሦስት ድርብ ከረጢት አስሩት። አየር ስለማይገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ያለ ምንም መድኃኒት ወራት ይቆያል። ከረጢቱን ካልቀደዳችሁት በቀጣዩ ዓመትም ትጠቀሙበታላችሁ። ርካሹም ንጹሑም አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ይሄ ነው።

የሀበሻ እንቁላል ወይስ የፈረንጅ?

ይሄ ጥያቄ ሁሉም ቤት አለ። የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ነው ግን ይወደዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ በየመሐሉ ትታቀፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች። ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለችው ዶሮ 250 እና ከዚያ በላይ ትጥላለች። ውድድሩ እኩል አይደለም።

የአስኳሉ ቢጫነት የሚመጣው ከምትበላው ነው። ቅጠልና ሣር ያገኘች ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል። ጣዕሙም እንደሚለይ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ግን የሀበሻ ዶሮ ስለሆነች ብቻ እንቁላሏ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ከተማ ውስጥ ቦይና ቆሻሻ ክምር እየጫረች የምትውል ዶሮ ምን እንደምትለቅም እናስብ። ከገጠር ጓሮ የመጣው ሌላ ነው።

ብር ካጠረ የፈረንጁን ግዙ፣ በሙሉ ልብ። ፕሮቲኑ አያንስም። ልጅ በየቀኑ አንድ የፈረንጅ እንቁላል ቢበላ በሳምንት ሁለት የሀበሻ ከሚበላ ይሻለዋል። የሚያሳስባችሁ ለዶሮ የሚሰጥ መድኃኒት ከሆነ ጥቂት ዶሮ ከሚያረባ የሰፈር ሰው ግዙ። የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ጓሯቸው ውስጥ የተሻሻሉ ዶሮዎች የሚያረቡ ሰዎች በዝተዋል። «ዶሮዎቹ ሲታመሙ መድኃኒት ስትሰጧቸው እንቁላሉን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «እስኪያበቃ አንሸጠውም» የሚላችሁን ደንበኛ አድርጉ።

ኦርጋኒክነት የማይፈታቸው ነገሮች

አሳ ከሐይቅ የሚያዝ ስለሆነ ኦርጋኒክ የሚባል ነገር አይመለከተውም። በአውሮፓ ሕግም ቢሆን ከተፈጥሮ ውሃ የተጠመደ አሳ ኦርጋኒክ ተብሎ አይሸጥም። አሞራ ገደል አሳ ገበያ ቆሮሶ ስትገዙ ስንጥቡ ቀይ መሆኑን፣ ዓይኑ አለመደፍረሱን እዩ። ማርና ቅቤ ላይ ችግሩ መቀላቀል ነው፤ ስኳር፣ የአትክልት ቅባት። እዚያ የሚከፈለው ለታመነ ሰው ነው። በርበሬና ወተት ላይ የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። ያልደረቀ በርበሬ፣ ሻጋታ የያዘ ፋጉሎ የበላች ላም ወተት፣ ኦርጋኒክ ቢባሉም መርዙ አይቀርላቸውም። በርበሬን ዛላውን ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ አስፈጩ።

ከማን እንግዛ?

ሱፐርማርኬት ምቹ ነው፣ ግን ማን እንዳመረተው የሚነግራችሁ ሰው እዚያ የለም። የምትከፍሉት ለላስቲኩ፣ ለፍሪጁና ለቤት ኪራዩም ጭምር ነው። እኔ የመጨረሻ ምርጫ አደርገዋለሁ።

ከገጠር የሚመጡ እናቶች የመጀመሪያ ምርጫዬ ናቸው። ግን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከጓሮዋ ያመጣች ሴት የምትይዘው ጥቂትና የተለያየ ነው፤ ትንሽ ጎመን፣ አምስት ስድስት አቮካዶ፣ ጥቂት እንቁላል። መጠኑም እኩል አይደለም፣ ቅጠሉም እዚህም እዚያም ትል ነክሶታል። አንድ ዓይነት ነገር ቆልላ የተቀመጠችው ከጭነት መኪና ገዝታ የምትቸረችር ናት፤ ሥራዋ ክቡር ነው፣ ግን ስለ መርጫው ልትነግራችሁ አትችልም።

«ኦርጋኒክ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እማማ፣ ይሄ ጎመን ከየት ነው የመጣው? መቼ ነው የተቀነጠሰው? ለትሉ ምን አደረጋችሁለት?» በሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያሳያል። አመድ ነሰነስንበት፣ በእጅ ለቀምነው፣ እንዲሁ ተውነው የሚሉ አሉ። መድኃኒት ገዝተን ረጨን የሚሉም አሉ። ክስ በሌለበት ድምፅ ከተጠየቀ ሰው እውነቱን ይናገራል። በወንዶ ገነት በኩል ከመጣ ደግሞ ጎረቤት ማሳው ጫት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ጫት ይረጫል፣ ነፋስም ድንበር አያውቅም። ዋጋ ላይ ደግሞ እነዚህን እናቶች አታስጨንቁ። ለላስቲክ የማንከራከረውን ብር እዚህ ጋ መከራከር ደግ አይደለም።

ሒሳቡ ሲሰላ

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ቤተሰብ በሳምንት ለአትክልት 1,000 ብር ያወጣል እንበል። ኦርጋኒኩ በግማሽ ይወደድ። ሁሉንም ኦርጋኒክ ቢያደርገው ወጪው 1,500 ይሆናል፣ ብዙ ቤት አይችለውም። ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ብቻ ቢቀየሩና እነሱ ከሺሁ 300 ቢወስዱ ግን ጭማሪው 150 ነው። የ150 ብር ጎመንና ቆስጣ ጓሮው ውስጥ ቢያበቅል ደግሞ ወጪው ወደ 1,000 ይመለሳል። ቁጥሩን በራሳችሁ ወጪ ቀይሩት።

ጓሮ የሌለው በአሮጌ ጆንያ ወይም በተቀደደ ጀሪካን አፈርና ብስባሽ ሞልቶ መትከል ይችላል። ጎመን ለዚህ ይመቻል፤ ቅጠሉ ከታች እየተቀነጠሰ ለወራት ያበቅላል። የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ ብስባሹን ያዳብሩታል። ክሽክሽ ከመጣ ቅጠሉን ገልብጣችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ጥሬ ፍግ ግን ሰላጣ ላይ አታድርጉ፤ ሆድ የሚያሳምሙ ተሕዋስያን ሊያመጣ ይችላል። ኦርጋኒክ ነው ተብሎ ሳይታጠብ መብላት ያሳምማል።

ቲማቲምን በበጋ፣ ዋጋው ሲወርድ፣ በዛ አድርጋችሁ ገዝታችሁ ድልህ አድርጉት። በክረምቱ በጣም የሚረጨውንም በጣም የሚወደደውንም በአንዴ ታልፉታላችሁ።

ተራውን የሚገዛ ደግሞ በአጥጋቢ ሁኔታ ማጠብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በፖም ላይ የተሠራ ጥናት፣ ቤኪንግ ሶዳ ከተራ ውሃ በተሻለ ሁኔታ የላዩን ቅሪት እንደሚያነሳ አሳይቷል። መጠኑ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፎ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ወደ ውስጥ የሰረገውን ግን ምንም አያወጣውም። በልብስ ሳሙና አትጠቡ፤ እሱ ራሱ ይቀራል።

ሥጋቱን ከገበሬው ጋር መካፈል

ከላይ ያልኩት የሥጋት ዋጋ የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው። አንድ ገዢ ለብቻው ምንም ማድረግ አይችልም። አምስት ስድስት ቤት ግን ይችላል። የግቢ ጎረቤት፣ የእቁብ አባላት፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ከቱላ ወይም ከዶሬ ባፋኖ በኩል አንድ የአትክልት ገበሬ ይፈልጋሉ። ትንሽ መደብ ብቻ ያለ መድኃኒት እንዲያለማላቸው ይስማማሉ። ግማሹን ብር ሲተክል ይሰጡታል፣ ግማሹን በየሳምንቱ ሲረከቡ።

ገበሬው ዘር የሚገዛበት ብር ያገኛል፣ መበደር ይቀርለታል። ገዢ ይኖር ይሆን ብሎ አይጨነቅም፣ ደላላም አይገባም። ስለዚህ በሱፐርማርኬት ዋጋ መሸጥ አያስፈልገውም። ቤተሰቦቹ በበኩላቸው ትል የነከሰውን ቅጠልና ያነሰውን ቲማቲም ለመቀበል ይስማማሉ። አዝመራው ከከፋ የተከፈለው ግማሽ ላይመለስ ይችላል፤ ይሄን በግልጽ ቀድሞ መነጋገር ነው። በዛ ያለ ብር አታስገቡ፤ አንድ ወቅት በጥቂቱ ሞክሩ፣ በቀላል ሰብል፣ በጎመንና በቆስጣ ጀምሩ። ቲማቲሙን ወደ በጋው አስተላልፉት።

ስምምነቱ ውስጥ አንድ ነገር የግድ ይግባ። ትሉ በዝቶ ገበሬውን መርጨት ካስገደደው ይንገራችሁ፣ ምን እንደረጨና መቼ እንደረጨ። ያን ሳምንትና ዕቃው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን እስኪያልፍ ከዚያ መደብ አትረከቡ። ብሩንም በቅጣት አትቁረጡበት፣ ፊታችሁንም አታጥቁሩበት። የነገረ ሰው ከተቀጣ በሚቀጥለው ጊዜ ረጭቶ ዝም ይላል።